የሕንፃ የእርጅና ቅናሽ በምን ይለካ? አንድ ቤት፣ አምስት መንገዶች

ለአንድ ቤት ሁለት ገማቾች ይላካሉ። ሁለቱም ያንኑ ግቢ ለክተው፣ ያንኑ ግድግዳ አንኳኩተው ይመለሳሉ። ሪፖርታቸው ሲመጣ ግን በመካከላቸው የመቶ ሺዎች ልዩነት አለ። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የግንባታ ዋጋውን ነው። "አንዱ ሲሚንቶውን አስወድዶት ነው" ይላል። ብዙውን ጊዜ ጣጣው እዚያ አይደለም። የግንባታ ዋጋ ወጥቶ ተጠይቆ የሚገኝ ነገር ነው፤ ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች ብዙም አይራራቁበትም። የሚራራቁት "ይህ ቤት እስከ ዛሬ ስንት አጥቷል?" የሚለው ላይ ሲደርሱ ነው።

ይህን ጥያቄ የሚመልሱ አምስት መንገዶች አሉ። እዚህ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው ነው። ቤት የምታስገምቱ፣ የግመታ ሪፖርት እጃችሁ የሚገባ ወይም ሙያውን የምትማሩ ካላችሁ ለእናንተ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት ቤቱ ዋጋ ያጣበትን ምክንያት እወቁ። ምክንያቱ ከታወቀ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

## ሒሳቡ ባጭሩ

ቤቱ ያጣውን መቁጠር የሚያስፈልገው በወጪ ዘዴ ሲገመት ነው። የወጪ ዘዴ ከገበያ ንጽጽርና ከገቢ ዘዴ ጋር ከሦስቱ ዋና ዋና የግመታ አቀራረቦች አንዱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ነገሩ የገባው ገዢ፣ ጊዜ ካላጣደፈው በቀር፣ ተመሳሳይ መሬት ገዝቶ ተመሳሳይ ቤት ለማሠራት ከሚያወጣው በላይ አይከፍልም። ስለዚህ መሬቱ ባዶ ቢሆን የሚያወጣው ዋጋ ይያዛል። ሕንፃውን ዛሬ አዲስ ለማሠራት የሚጠይቀው ወጪ ይደመርበታል። ከዚያ ሕንፃው ያጣው ይቀነሳል። መሬት አያረጅም፤ ቅናሹ የሚነካው ሕንፃውን ብቻ ነው።

"አዲስ ማሠራት" ሲባል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ያንኑ ቤት በያንዳንዱ ድንጋዩ መልሶ መሥራት ነው። ሁለተኛው ያንኑ አገልግሎት የሚሰጥ ቤት በዛሬ ዕቃና በዛሬ ዲዛይን መሥራት ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጣሪያው 4 ሜትር ከፍ ያለ፣ ግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ የሆነ አሮጌ ቤት አስቡ። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ያ ሁሉ ትርፍ ድንጋይ ገና ከመነሻው ከሒሳብ ወጥቷል። በኋላ "ግድግዳው ከልክ በላይ ወፍራም ነው" ብሎ እንደገና መቀነስ አንዱን ዕዳ ሁለቴ ማስከፈል ነው።

ሌላም ተረስቶ የሚቀር ነገር አለ። ወጪ ማለት ብሎክና የእጅ ዋጋ ብቻ አይደለም። የዲዛይን ክፍያ፣ የፈቃድ ክፍያ፣ በግንባታው ወራት የሚቆጠር ወለድ፣ መድን፣ ሥራውን የመራው ሰው ትርፍ ሁሉ ይገባል። እነዚህን ዘሎ የተነሳ ሒሳብ ቅናሹን የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራው ከመነሻው ጎድሏል።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የሒሳብ ባለሙያው መዝገብ ላይ ያለው የእርጅና ቅናሽ ሌላ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ መመዘኛ አይ.ኤ.ኤስ. 16 ቅናሽን የሚያየው የንብረቱን ወጪ በአገልግሎት ዘመኑ ላይ እንደ ማከፋፈል ነው። ገማቹ የሚፈልገው ደግሞ ገዢዎች ዛሬ ስንት እንደሚቀንሱበት ነው። መዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ የሆነ ሕንፃ ገበያ ላይ ዘንጦ ሊቆም ይችላል።

## ቤት ዋጋ የሚያጣባቸው ሦስት ምክንያቶች

አካላዊ ጉዳት። ቀለም ይላጣል፣ ጣሪያ ይዝጋል፣ መሠረት ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል።

የአገልግሎት ጉድለት። ዕቃው ደህና ነው፤ ቤቱ ግን እንደ ዛሬ ሰው አኗኗር አይደለም። አራት መኝታ ቤት ኖሮት አንድ መታጠቢያ ብቻ ያለው ቤት እዚህ ይገባል። በተቃራኒው ማንም የማይከፍልበት ትርፍ ነገርም ጉድለት ነው። ለሠሪው ብዙ ያስወጣ፣ ለገዢው ምንም የማይጨምር።

ከውጭ የመጣ ኪሳራ። ቤቱ ምንም አልሆነም። አጠገቡ አውራ ጎዳና ወጣ፣ ወይም የአካባቢው ኢኮኖሚ ተዳከመ። ባለቤቱ ቢያድስም ቢቀባም ይህን አያድነውም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ይጠገናል ወይስ አይጠገንም? እዚህ ላይ "ይጠገናል" ማለት በመዶሻ የሚቻል ማለት አይደለም። የጥገናው ወጪ ከሚጨምረው ዋጋ ካልበለጠ ይጠገናል ይባላል። ከበለጠ፣ ሥራው ቢቻልም ለግመታ "የማይጠገን" ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

አራት መመዘኛ ይበቃናል። ከሦስቱ ምክንያቶች የትኞቹን ለይቶ ያያል? ምን መረጃ ይፈልጋል? ስንት ጊዜ ይበላል? "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" የሚል ሰው ሲነሳ መልስ አለው?

የምንፈትንበት ቤት ይኸውና። ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹን በየትኛውም ገንዘብ አንብቧቸው። ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። ለካሬ 12,000 ሆኖ አዲስ ማሠሪያው 2,400,000 ይወጣል። መሬቱ 900,000 ነው። ከተሠራ 25 ዓመት ሆኖታል። መታጠቢያው አንድ ነው። ከጓሮው ጀርባ የመኪና ጩኸት የማይጠፋበት ጎዳና አለ። ውጭው ቀለም ይፈልጋል፣ ጥቂት መስኮቶችም ተሰብረዋል።

## 1. የዕድሜ ምጣኔ

ሰው ሲታይ "50 ዓመቱ ነው፣ 40 ነው የሚመስለው" እንደሚባለው፣ ሕንፃም ሁለት ዕድሜ አለው። የተሠራበት ዓመትና የሚመስለው ዕድሜ። ይህ ዘዴ የሚመስለውን ዕድሜ ለኢኮኖሚያዊ ዕድሜው ያካፍላል። ኢኮኖሚያዊ ዕድሜ ሕንፃው ለመሬቱ ዋጋ እየጨመረ የሚቆይበት ዘመን ነው። ግድግዳው ከዚያ በኋላም ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ቤታችን በመሃል ታድሷልና 20 ዓመት ይመስላል እንበል። ኢኮኖሚያዊ ዕድሜው 60 ይሁን። 20 ለ60 ሲካፈል 33.3 በመቶ ነው። ቅናሹ 800,000፣ የቤቱ ዋጋ ከነመሬቱ 2,500,000 ሆነ። በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ያቺ "20" ግን ከየት መጣች? ከገማቹ ዓይን ነው። "የለም፣ 25 ዓመቱን ነው የሚመስለው" ያለ ቅናሹን 1,000,000 ያደርሰዋል። በአንድ ቃል 200,000 ሄደ ማለት ነው። ስለ ጎዳናውም ሆነ ስለ መታጠቢያው ዘዴው ለብቻው የሚናገረው የለም። ሁሉም በዚያች አንድ መቶኛ ውስጥ ተጠቅልሏል ተብሎ ይታመናል። ተጠቅልሏል ወይስ ተረስቷል? ከሪፖርቱ ማወቅ አይቻልም።

## 2. የተሻሻለው የዕድሜ ምጣኔ

ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀድመዋል። የሚጠገነው መጀመሪያ በጥገና ወጪው ይቀነሳል። ምጣኔው የሚሠራው በቀረው ላይ ነው።

ቀለምና መስኮት 120,000 ይጠይቃል። 2,280,000 ይቀራል። ቀለም የተቀባ፣ መስኮቱ የተሟላ ቤት ደግሞ ወጣት ይመስላልና ዕድሜውን ወደ 18 እናወርዳለን። ያ 30 በመቶ ነው፤ 684,000። ከጥገናው ጋር 804,000 ይሆናል።

ደጋግሜ የማየው ስህተት እዚህ ነው ያለው። ጥገናው ተቀንሶ ዕድሜው ግን 20 እንደሆነ ይቀራል። ያን ጊዜ 120,000 እና 760,000፣ በድምሩ 880,000 ይመጣል። ቀለሙ መጀመሪያ በጥገና ስም ተቀነሰ፤ ቀጥሎ ደግሞ "ያረጀ ይመስላል" በሚል እንደገና ተቀነሰ። ሪፖርት እጃችሁ ሲገባ ይህችን መስመር ፈልጉ። ከጥገናው በፊትና በኋላ የተያዘው ዕድሜ አንድ ከሆነ ገማቹን ጠይቁት።

## 3. ሮስ–ሃይዴኬ

ከላይ ያሉት ሁለቱ ሕንፃ በየዓመቱ እኩል ያረጃል ብለው ይነሳሉ። የሮስ ቀመር በዚህ አይስማማም። ሕንፃ በወጣትነቱ ቀስ ብሎ፣ በስተርጅናው ፈጠን ብሎ ዋጋ ያጣል ይላል። ዕድሜው ለሙሉ ዘመኑ ይካፈላል፤ በዚያ ላይ የራሱ ካሬ ይደመራል፤ ድምሩ ለሁለት ይካፈላል። ዘመኑ ግማሽ የደረሰ ሕንፃ በቀጥታው መስመር 50 በመቶ፣ በሮስ ግን 37.5 በመቶ ያጣል።

ሃይዴኬ ደግሞ ይዞታን፣ ማለትም ሕንፃው ያለበትን ሁኔታ፣ ይጨምራል። ሕንፃው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 አዲስ ነው፣ ቅናሽ የለውም። 3 ቀላል ጥገና የሚፈልግ ነው፣ 18.1 በመቶ። 4 ከባድ ጥገና የሚፈልግ፣ 52.6 በመቶ። 5 ዋጋ የሌለው። በመካከል ግማሽ ደረጃዎች አሉ። ሁለቱ ተጣምረው በላቲን አሜሪካ አገሮች በሰፊው ይሠራባቸዋል።

ለቤታችን እውነተኛውን 25 ዓመት እንይዛለን፤ ይዞታው በሌላው በኩል ይገባልና። ሙሉ ዘመኑን እንደ በፊቱ 60 ብንል ሮስ 29.5 በመቶ ይሰጣል። ይዞታውን 2.5 ካልነው 8.09 በመቶ ነው፤ ይህ የሚነሳው ከቀረው ላይ ነው። አንድ ላይ 35.2 በመቶ፣ ወደ 845,000 ገደማ።

ጥሩነቱ ሁለት ሰዎች አንድ ሰንጠረዥ ይዘው ተቀራራቢ ቁጥር ማምጣታቸው ነው። ብዙ ቤት በአንዴ ለሚገምት መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድክመቱ ደግሞ የሚያየው አካላዊውን ብቻ መሆኑ ነው። ጎዳናው ለሰንጠረዡ አይሰማውም። ከ2.5 ወደ 3 መዝለልም ቀላል አይደለም፤ ያው ቤት በአንድ ጊዜ ከ35.2 ወደ 42.3 በመቶ ይሄዳል።

## 4. ከሽያጭ ማውጣት

በግሌ መረጃው ካለ መጀመሪያ የምሄድበት ይህ ነው። ተመሳሳይ ቤቶች ስንት ተሸጡ? ከሽያጩ የመሬቱ ዋጋ ይቀነሳል። የቀረው ገዢው ለሕንፃው የከፈለው ነው። ያ ከአዲስ ማሠሪያው ሲቀነስ የጠፋው ይታያል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በ2,350,000 የተሸጠ ቤት አለ። መሬቱ 850,000 ነው፤ ለሕንፃው የተከፈለው 1,500,000 ሆነ። ሕንፃውን አዲስ ማሠራት 2,300,000 ይጠይቃል። 800,000 ጠፍቷል፤ 34.8 በመቶ። ቤቱ 23 ዓመቱ ነው፤ በዓመት 1.51 በመቶ ማለት ነው። ሁለተኛው ቤት 26 ዓመቱ ነው፤ በዓመት 1.49 ሰጠ። ሦስተኛው 19 ዓመቱ ነው፤ 1.50 ሰጠ። ሦስት ቤት እንዲህ ሲስማማ ደስ ይላል፤ በእውነቱ ዓለም ግን እንዲህ አይገጥምም፣ ብዙ ጊዜ ይበተናል።

1.5 በመቶ በ25 ዓመት 37.5 በመቶ ነው። 900,000። የቤቱ ዋጋ 2,400,000 ሆነ። ሌላም ነገር በነፃ አገኘን፦ 100 ለ1.5 ሲካፈል ወደ 67 ነው። በመጀመሪያው ዘዴ "60 ይሁን" ብለን የወሰድነው ኢኮኖሚያዊ ዕድሜ ገበያው እንደሚለው ከዚያ ትንሽ ይረዝማል።

ይህ ዘዴ ሦስቱንም ምክንያት ይይዛል፤ ገዢው ሲከፍል ሁሉንም አይቶ ነውና። ግን ጠቅልሎ ነው የሚይዘው። የተሸጡት ቤቶች ከጎዳናው የራቁ ከሆኑ የጎዳናው ኪሳራ ውስጡ የለም። የመሬት ዋጋ ግምቱ ከተሳሳተም ስህተቱ በሙሉ ወደ ቅናሹ ይገለበጣል። ባዶ መሬት በማይሸጥበት አካባቢ ይህን ዘዴ አጥብቆ መያዝ ራስን ማታለል ነው።

## 5. ነጣጥሎ መቁጠር

አድካሚው ይህ ነው። እያንዳንዱ ኪሳራ ለብቻው ይቆጠራል።

መጀመሪያ የሚጠገነው፦ ቀለምና መስኮት፣ 120,000።

ቀጥሎ ዕድሜያቸው ከሕንፃው የሚያጥር ክፍሎች ይመጣሉ። የጣሪያው ልባስ 180,000 ያወጣል፤ ከ25 ዓመቱ 15ቱን ጨርሷል፣ 108,000 ሄደ። የውሃ መስመርና ዕቃው 150,000፤ ከ20 ዓመቱ 10 አልፏል፣ 75,000። ወለልና የውስጥ ማጠናቀቂያ 200,000፤ ከ20 ዓመቱ 8፣ 80,000። ድምሩ 263,000።

ከዚያ መሠረት፣ ምሰሶና ግድግዳ። ለእነዚህ የሚቀረው 1,750,000 ነው፤ እስካሁን የነካናቸው ወጥተዋልና። እውነተኛ ዕድሜው 25፣ አካላዊ ዘመኑ 100 ዓመት ቢሆን 437,500 ይሆናል።

አሁን መታጠቢያው። ዛሬ ሁለተኛ መጨመር 90,000 ይጠይቃል። ቤቱ ሲሠራ አብሮ ቢሠራ 60,000 ይበቃ ነበር። ኪሳራው ልዩነቱ ነው፣ 30,000። ብዙ ሰው 90,000ውን በሙሉ ይቀንሳል። ያ ስህተት ነው፤ 2,400,000 ውስጥ የሁለተኛ መታጠቢያ ወጪ አልነበረም። ያልተደመረ ነገር አይቀነስም።

በመጨረሻ ጎዳናው። ከጎዳናው ዳር ያሉ ቤቶች ከራቁት በ100,000 ያንሳሉ እንበል። የሚከራይ ቢሆን ደግሞ በየዓመቱ የሚጎድለውን የተጣራ ገቢ በገበያው የመመለሻ መጠን (ገዢዎች ካወጡት ገንዘብ በዓመት በሚጠብቁት መቶኛ) አካፍሎ ያንኑ ማግኘት ይቻላል፤ 8,000 ለ8 በመቶ ሲካፈል 100,000 ነው። ግን 100,000ው በሙሉ የሕንፃው አይደለም። መሬቱን የገመትነው እዚያው ጎዳና ዳር ከተሸጡ ቦታዎች ነው፤ የመሬቱ ድርሻ እዚያ ተቀንሷል። የሕንፃው ድርሻ 70 በመቶ ከሆነ የምንቀንሰው 70,000 ነው።

ሁሉም ሲደመር 920,500። የቤቱ ዋጋ 2,379,500 ሆነ።

ከመጀመሪያው ዘዴ ጋር ያለው ልዩነት 120,500 ነው። ጎዳናውና መታጠቢያው ከዚህ 100,000ውን ያብራራሉ። በአምስት ደቂቃ ባለቀው ሒሳብ ውስጥ ስማቸው እንኳ አልተነሳም።

## በአንድ እይታ

| ዘዴ | ለቤታችን የሰጠው ቅናሽ | ለይቶ የሚያየው | የሚፈልገው መረጃ | ጊዜ | ሲጠየቅ ያለው መልስ |
|---|---|---|---|---|---|
| የዕድሜ ምጣኔ | 800,000 | የለም፤ ሁሉን በአንድ መቶኛ | የሚመስለው ዕድሜና ኢኮኖሚያዊ ዕድሜ | በጣም አጭር | "ልምዴ ነው" |
| የተሻሻለው ምጣኔ | 804,000 | የሚጠገነውን | ከላይኛው በተጨማሪ የጥገና ዋጋ | አጭር | መካከለኛ |
| ሮስ–ሃይዴኬ | 845,000 ገደማ | አካላዊውን ብቻ | ዕድሜና የይዞታ ደረጃ | አጭር | ሰንጠረዥ አለው |
| ከሽያጭ ማውጣት | 900,000 | የለም፤ ሦስቱንም ጠቅልሎ | ተመሳሳይ ሽያጮች፣ የመሬት ዋጋ | መካከለኛ | ጠንካራ፣ ሽያጩ ካለ |
| ነጣጥሎ መቁጠር | 920,500 | ሦስቱንም ለየብቻ | የክፍሎች ወጪና ዕድሜ፣ የገበያ መረጃ | ረጅም | ጠንካራ፣ መስመር በመስመር |

## ለማን የቱ?

ቤቱ አዲስ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ቤት ቅናሹ ትንሽ ነው፤ ምጣኔው ይበቃል። ለነጣጥሎ ቆጠራ ገንዘብ መክፈል ብክነት ነው። የወጪ ዘዴ ራሱ ከሁሉ የሚታመነው በእንዲህ ያለ ቤት ላይ ነው። አዲስ ሆኖ ግን መጥፎ ቦታ ላይ ከተሠራ ነገሩ ይለወጣል፤ የውጭ ኪሳራ ዕድሜ አይጠብቅም።

ለብድር መያዣ የሚቀርብ መካከለኛ ዕድሜ ያለው ቤት ከሆነ የተሻሻለው ምጣኔ ይሁን፤ ኢኮኖሚያዊ ዕድሜው ግን ከሽያጭ የወጣ ይሁን። ሁለቱን ማጣመር ብዙ ወጪ አይጨምርም፤ "60 ከየት መጣ?" ለሚለው ግን መልስ ይሰጣል።

በሺዎች ለሚቆጠሩ ቤቶች ግብር ለሚተምን ሮስ–ሃይዴኬን የመሰለ ሰንጠረዥ ይሻላል። እዚያ ትልቁ ነገር እኩልነት ነው፤ የእኔና የጎረቤቴ ቤት በአንድ ዓይን መታየታቸው። የአካባቢ ማስተካከያ ግን ለብቻ ይጨመርበት።

ክርክር ካለ፣ ማለትም ካሳ፣ ውርስ ወይም ፍርድ ቤት፣ ነጣጥሎ መቁጠር ነው። ውድ ነው፣ ይዘገያል። ነገር ግን ተከራካሪው የትኛው መስመር እንዳልጣመው ለመናገር ይገደዳል፤ ክርክሩ ከጩኸት ወደ ቁጥር ይወርዳል።

ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የአምልኮ ቤት ብዙ አይሸጡም፤ ከሽያጭ ማውጣት አይሆንም። ነጣጥሎ መቁጠር፣ አቅም ካነሰ የተሻሻለው ምጣኔ። ስለ አገልግሎት ጉድለቱ ከገማቹ ይልቅ ውስጡ የሚሠሩትን ጠይቁ። የትኛው ክፍል ተቆልፎ እንደሚውል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በጣም ያረጀ ቤት ከሆነ፣ ቅናሹ ከወጪው ግማሽ በላይ ሲሄድ ከአምስቱ አንዱም ብቻውን አይታመን። የገበያ ንጽጽር ካለ እሱ ይቅደም። መሬቱ ባዶ ቢሆን ቤቱ ላዩ ላይ ሆኖ ከሚያወጣው የበለጠ የሚያወጣ ከሆነ ሕንፃው ዕድሜውን ጨርሷል፤ ቀሪው ጥያቄ የማፍረሻው ወጪ ነው።

ለመድን ደግሞ ውሉን አስቀድማችሁ አንብቡ። መልሶ መሥራትን የሚሸፍን ውል ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ቅናሽ ያልገባበት የማሠሪያ ወጪ ነው፤ መሬቱም ውስጡ የለም፤ መሬት አይቃጠልምና። ለቤታችን ያ 2,400,000 ነው፤ የፍርስራሽ ማንሻ ይጨመርበታል። ለባንክ የተሠራውን 2,379,500 አንስቶ የመድን ቅጽ ላይ የሚሞላ ሰው አለ። ቁጥሮቹ ስለተቀራረቡ ልክ ይመስላል። አንዱ ውስጥ ግን የ900,000 መሬት አለ፣ ሌላው ውስጥ የለም።